እትብት፣ መቃብርና የጋሼ ሳሎን

አንዲት ነገር ተናግሬ ዓመት ሙሉ ስትከነክነኝ ቆየች። ውሸት ብትሆን ኖሮ እስካሁን ረስቻት ነበር። የከነከነችኝ እውነት ስለሆነች ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ ዲሴምበር 26 ቀን 2024 ነው። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ሆም ኬር የምንለው ሥራ ነው። ያን ቀን ተረኛ የነበርኩት አንድ የ84 ዓመት ሽማግሌ ቤት ነው። ስማቸውን አልጠራም። ቤተሰቡ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ፊት ለፊት ሚስተር እላቸዋለሁ፤ በልቤ ግን ጋሼ ናቸው። እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

ጋሼ ሪፐብሊካን ናቸው። የድሮው ዓይነት። ሳሎናቸው ውስጥ የሮናልድ ሬገን ፎቶ ተሰቅሏል። መደርደሪያው ላይ ናሽናል ሪቪው የተባለው የወግ አጥባቂዎች መጽሔት የድሮ እትሞች ተደርድረዋል፤ አቧራቸውን የማራግፈው እኔ ነኝ። በ1964 ገና የ24 ዓመት ጎረምሳ ሳሉ ለፓርቲው የፕሬዚዳንት ዕጩ ለባሪ ጎልድዋተር ቤት ለቤት እየዞሩ ቀስቅሰዋል። ጎልድዋተር ከ50ው ግዛት 6 ብቻ አግኝቶ ተዘረረ። ጋሼ ዛሬም ሽንፈቱን አይቀበሉትም። "ምርጫውን ነው የተሸነፍነው፤ ክርክሩን ከ16 ዓመት በኋላ በሬገን አሸንፈናል" ይላሉ።

የልጅ ልጃቸው 25 ዓመቱ ነው። ኮንግረስ ውስጥ ለአንድ እንደራሴ ይሠራል። እሱም ሪፐብሊካን ነው። እኔ ሞኟ፣ ሁለቱ በአንድ ቋንቋ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

ሦስቱ ጉልቻ

ጋሼ ጠዋት ቡናቸውን ስሰጣቸው የሚደግሙልኝ ነገር አለ። ሬገን በጃንዋሪ 1989፣ ሥልጣን ሊያስረክቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው የተናገሩት ነው። አንድ ሰው በደብዳቤ የጻፈላቸውን ነበር የጠቀሱት። ፈረንሳይ ሄደህ መኖር ትችላለህ፣ ፈረንሳዊ ግን አትሆንም። ጃፓን ሄደህ መኖር ትችላለህ፣ ጃፓናዊ ግን አትሆንም። ከየትኛውም የዓለም ጥግ የመጣ ሰው ግን አሜሪካ መጥቶ አሜሪካዊ ይሆናል። ጋሼ እዚህ ጋ ሲደርሱ በቡና ማንኪያቸው ወደ እኔ ይጠቁማሉ። "አንቺን ነው የሚሉት።"

በዲቪ መምጣቴን ከሰሙ ወዲህማ ኩራታቸው ብሷል። ዲቪን የፈጠረውን የ1990 ሕግ የፈረሙት ትልቁ ቡሽ ናቸዋ! ከዚያ በፊት በ1986 ሬገን በፈረሙት ሕግ 2.7 ሚሊዮን ያህል ወረቀት አልባ ሰዎች ወረቀት አግኝተዋል። ስለዚህ ጋሼ እኔን ሲያዩ የገዛ ፓርቲያቸው የተከለው ዛፍ ያፈራ ይመስላቸዋል። (ዲቪ ሲጠነሰስ በዋናነት የታሰበው ለአይሪሾች እንደነበር አልነገርኳቸውም። ቡናቸውን በሰላም ይጠጡ ብዬ።)

እሳቸው የሚያውቁት ወግ አጥባቂነት በሦስት ጉልቻ የቆመ ድስት ነው። አንደኛው ነፃ ገበያ፣ ሁለተኛው ሃይማኖትና ቤተሰብ፣ ሦስተኛው ኮሚኒዝምን መጥላት። ገበያተኛውና ጸሎተኛው በባሕሪያቸው የሚዋደዱ ሰዎች አይደሉም። አንዱ "ተወኝ፣ ልሥራበት" ይላል፤ ሌላው "ዝም ብሎ መተው የለም፣ ሥርዓት አለ" ይላል። አብረው ያሰነበታቸው የጋራ ጠላት ነበር። ያ ጠላት በ1991 ፈረሰ። አንዱ ጉልቻ ሲወጣ ድስቱ ምን እንደሚሆን ለእኛ ቤት ሰው አይነገርም።

የገና ማግስት

ያን ቀን ምሳ በልተው ኬክ እየቆረስኩላቸው ነበር። የልጅ ልጃቸው ስልኩ ላይ አፍጥጧል። የዚያን ሳምንት ወሬ ታስታውሳላችሁ። ትራምፕ ምርጫ አሸንፈው ገና ቤተ መንግሥት ሳይገቡ፣ ባለሀብት ደጋፊዎቻቸው ኢላን መስክና ቪቬክ ራማስዋሚ በአንድ ወገን፣ የቀድሞ አማካሪያቸው ስቲቭ ባነንና መሰሎቹ በሌላ ወገን ሆነው በኤች ዋን ቢ ቪዛ የተናጩበት ሳምንት ነው። ለባለሙያ ሠራተኛ የሚሰጠው፣ በዓመት በ85,000 የተገደበው ቪዛ።

ራማስዋሚ ያን ቀን የጻፈውን ልጁ ጮክ ብሎ አነበበው። የአሜሪካ ባህል ጎበዙን ትቶ መካከለኛውን ሲያከብር ኖሯል፣ ኩባንያዎች ከውጭ መሐንዲስ የሚቀጥሩት ለዚህ ነው የሚል ነገር። የልጁ ጆሮ ቀላ። "ሰነፍ እያለን ነው። እኛኑ፣ በገዛ አገራችን!"

ጋሼ ሳቅ አሉ። "ጎበዝ ከየትም ይምጣ። ከቻልክ ተወዳደር፤ ገበያ ማለት ይኸው ነው።"

እኔ በልቤ የአገርን ሠርዶ በአገር በሬ አልኩ። አስቡት፣ ለልጁ ነው የፈረድኩት። በዲቪ የመጣሁት እኔ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከቪዛ አለፈ። ልጁ በዚያው ዓመት ሐምሌ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጨው ጄዲ ቫንስ ሚልዋኪ በተደረገው የፓርቲው ጉባኤ ላይ የተናገረውን አነሳ። ምሥራቅ ኬንታኪ ተራራ ላይ ስላለች የቤተሰቡ መቃብር። እሱና ሚስቱ እዚያ ቢቀበሩ፣ ልጆቹም ቢከተሏቸው፣ ሰባት ትውልድ ይሞላል። ሰው ለሐሳብ አይዋጋም፣ ለቤቱ ነው የሚዋጋው። አሜሪካ ሐሳብ ብቻ አይደለችም፣ ሕዝብ ናት። ልጁ ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ አለ። ጸሎት የሚያደርስ ይመስል ነበር።

ጋሼ ግን አልተነኩም። "ይህን ዓይነት ወሬ በኛ ጊዜም የሚያወሩ ነበሩ" አሉ። "እኛ ግን ቤታችን በር ነበረው፣ በሩ ላይ ሰው ነበረው።" በሩ ላይ የነበረው ሰው ዊሊያም በክሊ ነው፤ ናሽናል ሪቪውን በ1955 የመሠረተው። በ1962 የጆን በርች ማኅበር የተባለው አክራሪ ፀረ ኮሚኒስት ቡድን መሪ የነበረውን ሮበርት ዌልችን "አንተ የኛ አይደለህም" ብሎ በአደባባይ ለይቶታል። ዌልች ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን ሳይቀር የኮሚኒስት ወኪል ነው እስከማለት የደረሰ ሰው ነበር። ይህ ታሪክ ለጋሼ እንደ ተአምረ ማርያም ነው። ሳይነበብ አይዋልም።

ልጁ ሹካውን አስቀመጠ።

"በረኞቻችሁ ማንን ነበር ያባረሩት? ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረውን ፓት ቡካነንንም አላባረራችሁም? በ1992 ፋብሪካው እየሄደ ነው ሲል ሳቃችሁበት። በ2000 ቻይና ቋሚ የንግድ ሸሪካችን ትሁን ሲባል ታችኛው ምክር ቤት እሺ ካሉት 237 ሰዎች 164ቱ የእናንተ ናቸው። በ2003 ኢራቅ አትግቡ ያሉትን ወግ አጥባቂዎች ደግሞ ይሄው መጽሔትህ አገር የማይወዱ ብሎ ጻፈባቸው። ከ4,400 በላይ ወታደር ሞተብን። ማን ነበር ትክክል?"

ጋሼ ዝም አሉ።

የጋሼ ልጅ፣ የዚህ ልጅ አባት፣ ሁለት ጊዜ ኢራቅ ዘምቷል። በሕይወት ተመልሷል። ያን ቀን ግን ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ለምን እንዳልመጣም ማንም አላነሳም። የሱ ወንበር ላይ የጋሼ ሹራብ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ። ጋሼ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደው የመስሚያ መሣሪያቸውን ነካኩ። ድምፁን ይቀንሱት ይጨምሩት አላየሁም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ እስከዚያ ሰዓት የወግ አጥባቂዎቹ ጠብ ስለ ታክስና ስለ ቪዛ ይመስለኝ ነበር። የዛሬዎቹ ወጣቶች አያቶቻቸውን የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው። "ጠብቁ ብለን የሰጠናችሁን ነገር የት አደረሳችሁት?" ነው። በዚህ መንፈስ ስሰማው የልጁ ቁጣ አልከበደኝም። እኛስ የአባቶቻችንን ትውልድ ስንጠይቀው የኖርነው ይህንኑ አይደል?

በራሴ ላይ ስመሰክር

ዝምታው ሲረዝም ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ጋሼ መልስ ስላጡ አዝኖም ሊሆን ይችላል።

"አንቺ ንገሪን እስቲ። የእናንተ አገር ከኛ በሺህ ዓመት ትበልጣለች። እናንተ ጋ አገር ሐሳብ ነው?"

ማንኪያ እያጠብኩ ነበር። ሳላስብ አፌ ላይ መጣ።

"አይ። እኛ ጋ አገር እትብትህ የተቀበረበት ነው።"

እንግሊዝኛው በዚያች ሰዓት ጠፋብኝ። እዚሁ አሜሪካ ሆስፒታል ወልጄ ቃሉ ጠፋብኝ! በአረፋ በተነከረ ጣቴ ሆዴ ላይ እያሳየሁ የእምብርት ገመድ አልኳቸው። ሲገባው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። "አየህ አያቴ! እሷ ገብቷታል!"

ጋሼ አዩኝ። የተቀየሙ አይመስሉም። ግራ የተጋቡ ነው የሚመስሉት። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቃዬ ሆነው ሲከራከሩልኝ ቆይተው፣ ደንበኛቸው ተነስታ ለከሳሽ መሰከረች።

"ያንቺ የት ነው የተቀበረው?" አሉኝ።

"ደብረ ብርሃን።"

"የልጅሽስ?"

አላውቅም ነበር። "አላውቅም" አልኳቸው። ጠይቄም አላውቅ።

ልጁ ሲወጣ ኮቱን አቀበልኩት። መጥፎ ልጅ አይደለም። ስሜን ሳያጣምም የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው። በሩ ጋ ቆም ብሎ "የተናገርኩት ስለ አንቺ አይደለም" አለኝ። ይህቺን "ስለ አንቺ አይደለም" የምትባል ነገር የሰማ ያውቃታል። ልቤ ቆፍጠን አለና ጠየቅኩት።

"ስንት መቃብር ይበቃል?"

"እ?"

"ልጄ አሜሪካዊት እንድትሆን። ሰባት?"

ሳቅ ብሎ ኮቱን ቆለፈ። "ጊዜ ይፈልጋል" ብሎ ወጣ።

በር ጠባቂ የሌለው ቤት

ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ጭቅጭቃቸውን እንደ ተከታታይ ድራማ ስከታተል ከረምኩ። ባለቤቴ "አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ሪፐብሊካን የሆንሽው?" ይለኛል። አልሆንኩም። ግን እኛ ሰዎች ለዚህ ቤት ባዳ አይደለንም። ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ ተቀምጣችሁ ስሙ። ስለ ውርጃ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጋብቻ የሚባለው ሁሉ ከጸሎተኛው ሪፐብሊካን ጋር ቃል በቃል ይገጥማል። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ባይደንን እንቅጣ ብለው ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን የቀሰቀሱ ወገኖቻችንም ነበሩ። ከዚያ በፊት በ2020 ግን ትራምፕ ግብጾች ግድቡን ያፈነዱታል ሲሉ ሻይው ሁሉ ነው የቀዘቀዘው። ጉዳያችን እንደዚህ ነው፤ ግማሽ እግራችን ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ።

ማንበብም ጀመርኩ። የጋሼን በክሊ ወደድኩት ብዬ ሳልጨርስ አንድ ነገር ገጠመኝ። መጽሔቱ በኦገስት 1957 ባወጣው ርዕሰ አንቀጽ፣ ደቡብ ውስጥ ነጮቹ በቁጥር ባይበልጡም እንኳ የበላይ ሆነው የመቀጠል መብት አላቸው ይላል፤ ለጊዜው የሠለጠነው ዘር እነሱ ናቸውና። ጎልድዋተርም በ1964 የሲቪል መብቶችን ሕግ ተቃውሞ ድምፅ ሰጥቷል። ጋሼ ማለዳ በማንኪያቸው የሚያሳዩኝ ክፍት በር፣ እሳቸው ጎረምሳ ሳሉ እንደኔ ላለ ጥቁር ዝግ ነበር። በረኛውም ራሱ በክሊ ነበር።

ይህን ስነግራቸው አልተከራከሩኝም። "ተሳስተን ነበር። እሱም በስተርጅና ተሳስቼ ነበር ብሏል" አሉ። ብሏልም፣ አይቻለሁ። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ የሬገንን ንግግር ሲደግሙ እንደበፊቱ አልሰማውም። ሐሳብ ነው የሚሏት አገር፣ ሐሳቡ ራሱ ስንቴ ተከልሷል?

በ2025 ደግሞ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ወጣ። በሴፕቴምበር የሚዙሪው ሴናተር ኤሪክ ሽሚት ዋሽንግተን ውስጥ በተደረገ የብሔርተኛ ወግ አጥባቂዎች ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ አሜሪካ ረቂቅ ሐሳብ አይደለችም፣ የአባቶቻችን ርስት ናት ብሎ ተናገረ። በዚያው ወር ትራምፕ በአዲስ የኤች ዋን ቢ ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር ጫኑ። ከወራት በፊት ቪዛውን እወደዋለሁ ብለው ከመስክ ጎን የቆሙት ራሳቸው ናቸው።

በኦክቶበር መጨረሻ ታዋቂው የወግ አጥባቂዎች አቅራቢ ታከር ካርልሰን፣ አይሁዶችን የሚሳደበውንና ነጭ ብሔርተኝነትን የሚሰብከውን ኒክ ፉዌንቴስን ጋብዞ ለስላሳ ቃለ ምልልስ አደረገለት። የሄሪቴጅ ፋውንዴሽን ፕሬዚዳንት ኬቨን ሮበርትስ ለካርልሰን ጠበቃ ሆኖ በቪዲዮ ወጣ። ሄሪቴጅ የወግ አጥባቂዎች የጥናት ተቋም ነው፤ የሬገን ሰዎች የፖሊሲ መጽሐፋቸውን የተቀበሉበት ቤት ነው። ቤቱ ታመሰ። ሠራተኛው ተቆጣ፤ ከቦርዱም ሮበርት ጆርጅ ለቀቀ። ጋሼ ያን ሰሞን ምሳ አልበላ ብለውኛል። "በሩ ላይ ሰው የለም" እያሉ።

እኔ ግን በሩ ራሱ ያለ አይመስለኝም። በ1962 አንድ መጽሔት ሲዘጋብህ ሌላ መጮኺያ አልነበረህም። አሁን ሁሉም የየራሱን በር በኪሱ ይዞ ይዞራል። የሚዘጋውም የሚከፍተውም ተመልካች ነው።

ልጁስ? ለምስጋና ቀን መጥቶ ነበር። ስለ ፉዌንቴስ ስትጠይቁት ፊቱን ያጨማድዳል። "ሚስቴ የምትሆነው ልጅ ፊሊፒናዊት ናት" አለኝ ኩሽና ገብቶ፣ ምሥጢር እንደሚነግረኝ ሁሉ። ሆኖም ማን ይናገር፣ ማን አይናገር ብሎ የሚወስን ሽማግሌ አይፈልግም። ከፉዌንቴስ ይልቅ በረኞቹን ነው የሚጠላው። ይህን ሲለኝ ወንበሩ ትዝ አለኝ። አባቱ ዘንድሮም አልመጣም።

ዱክ ስትሪት

በዲሴምበር ራማስዋሚ እንደገና ተነሳ። "ሄሪቴጅ አሜሪካን"፣ ማለትም የጥንት ዘር ያለው አሜሪካዊ፣ ከሌላው የበለጠ አሜሪካዊ ነው ማለት ራሱ አሜሪካዊነት አይደለም አለ። ጋሼ ቴሌቪዥኑ ፊት አጨበጨቡ። እኔን ግን የዓመት ዕዳዬ ታወሰኝ። ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ።

እናቴ ልጄ ስትወለድ ልታርሰኝ መጥታ ሦስት ወር ቆይታለች። ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ። የእትብቱን ነገር ግን አላስታውስም።

"እማዬ፣ የልጅቷ እትብት ሲወድቅ ምን አደረግሽው?"

"ቀበርኩት እንጂ ምን አደርገዋለሁ?"

"የት?"

"በረንዳው ላይ፣ ጤና አዳሙ ሥር።"

ጤና አዳሙ! ከገበያ አምጥታ በፕላስቲክ ማሰሮ የተከለችው። አፓርታማችን ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ መሬት የለን። እማዬ ያገኘችው አፈር ያ ብቻ ነው። ተክሉ እሷ በሄደች በዓመቱ በብርድ ደረቀ። ማሰሮውን ማን እንዳነሳው ባለቤቴን ጠየቅኩት።

"እኔ ነኛ። አፈሩን ከሕንጻው ጀርባ ደፋሁት።"

"ጀርባ የት?"

"ከቆሻሻ ገንዳው ጎን፣ ሣሩ ላይ። ምነው?"

በማግስቱ ለጋሼ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ውኃ ሰጠኋቸው። ከዚያ ዓይናቸውን እየጠረጉ "የት ሰፈር ነበር የምትኖሩት?" አሉኝ።

"አሌክሳንድሪያ። ዱክ ስትሪት።"

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቆመ። ዱክ ስትሪት ላይ፣ ቁጥር 1315፣ በ1828 የተከፈተ የባሪያ ንግድ ቤት እንደነበረ ነገሩኝ። ፍራንክሊንና አርምፊልድ ይባል ነበር። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ የተገዙ ጥቁሮች እዚያ ታጉረው ወደ ኒው ኦርሊንስ ይጫኑ ነበር። ሕንጻው ዛሬም አለ፤ ሙዚየም ሆኗል። በመኪና ስንት ጊዜ በፊቱ አልፌያለሁ።

"የኛ ዘር እዚህ አገር የመጣው በ1880ዎቹ ነው" አሉ ጋሼ። "ልጁ ይህን አይወድም፣ ግን እንደዚያ ነው። በዚያች ጎዳና ያለፉት ሰዎች ቀድመውናል።"

ሬገን ከግድግዳው ላይ ፈገግ ብለዋል። አራት ሰዓት ሊሆን ነው። የደም ግፊት ክኒናቸውን ከሳጥኑ አወጣሁ፤ ውኃቸውን ሞላሁ። "ልጁ ቅዳሜ ሲመጣ ንገሪው" አሉኝ።

"እርስዎ ይንገሩት" አልኳቸው። "እኔ አንዴ መስክሬያለሁ።"